አስተማሪውን ማን ያስተምረዋል?

በአንድ የመንዝ ቀበሌ ማታ ማታ ፊደል እናስተምር ነበር። ቤቱ ጠባብ ነው። መብራቱ አንድ ፋኖስ ነው። ብርዱ ደግሞ የመንዝ ብርድ ነው፤ ለእናንተ አይነገርም። ስለዚህ ሁሉም ባናውን ተከናንቦ ወደ መሐል፣ ወደ እሳቱ ይጠጋል። አንድ ሰው ብቻ ከበሩ ሥር ይቀመጡ ነበር። ንፋሱ ፊታቸውን ይገርፈዋል። ከሰሌዳውም ሩቅ ናቸው።

እኛ ይህን ዐየን። ዐይተንም ምንም አላልንም። "አርፍደው ስለሚመጡ ይሆናል" ብለን ተውነው። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በኋላ ነው ነገሩ የገባን። ሰውዬው ቀጥቃጭ ናቸው። የዚያ ቤት ተማሪዎች የሚያርሱበትን ማረሻ ሁሉ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ማጭዱም፣ መጥረቢያውም፣ ዶማውም የእሳቸው እጅ ሥራ ነው። ገበሬው ቀን ማረሻውን ይዞ ደጃቸው ይሄዳል። ማታ ግን አጠገባቸው አይቀመጥም።

እውነቱን እንናገር። ጥፋቱ የእኛም ነበር። በዚያው ሰሞን ስለ ሰው ልጅ እኩልነት የሚናገር ገጽ ከመጽሐፉ አስነብበን ነበር። እኒህ ሰው ያንን ገጽ ያነበቡት ከበሩ ሥር ሆነው ነው። እኛ ለማስተማር ሥልጠና ወስደን ነው የመጣነው። ፊደል እንዴት እንደሚቆጠር፣ ሰሌዳ ላይ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ትልቅ ሰው እንዴት እንደሚማር ተነግሮናል። እንዲህ ያለ ነገር ስናይ ምን እንደምናደርግ ግን ማንም አልነገረንም። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምናወራው ስለዚህ ነው። መብትን የሚያስተምር ሰው፣ በተለይ ሰው ከሰው በተለያየበት አገር፣ ራሱ አስቀድሞ ምን መማር አለበት?

በመጀመሪያ "ሰብአዊ መብት" የሚለውን ቃል እንፍታው። ቃሉ የከተማ ቃል ይመስላል። ነገሩ ግን ከእናንተ ሩቅ አይደለም።

ርስትን ታውቃላችሁ። ርስት ከአባት፣ ከአያት ይወረሳል። የአቅኚው አባት ዘር መሆኑን ቆጥሮ ያስረዳ ይካፈላል። መቁጠር ያልቻለ ውጭ ይቀራል። ጓሳንም እንውሰድ። የመንዝ ሰው ጓሳን መጠበቅ ከጀመረ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። ሣሩ ለቤት ክዳን ነው፣ ለገመድ ነው፣ በክፉ ቀን ለከብት ግጦሽ ነው። ድሮ የሚያዙበት የአስቦና የጌራ ተወላጆች ነበሩ። በቄሮ ሥርዓት ጓሳው ለዓመታት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል። ጥሩ ሥርዓት ነበር። ነገር ግን ከዘሩ ላልሆነ ሰው ድርሻ የለውም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ይህ ተለወጠ። አዋጁ ወንድ ሴት ሳይል፣ መሬቱን ራሱ ለማረስ ለፈቀደ ሰው ሁሉ መሬት ይገባዋል አለ። በጓሳም ከሁለቱ ዘሮች ውጭ የነበረው ሰው በገበሬ ማኅበሩ በኩል ድርሻ አገኘ። በዚያው የቄሮው ሥርዓት ፈርሶ ሣሩ ተጎድቶ ነበር፤ መብቱ ሲሰፋ ደንቡ አብሮ አልሰፋም ነበርና። በኋላ ሕዝቡ እንደገና ተሰብስቦ ሌላ ደንብ አወጣ።

ልዩነቱን ያዙልን። ርስት የሚገኘው የእገሌ ልጅ በመሆን ነው። ሰብአዊ መብት ግን ሰው ሆኖ በመወለድ ብቻ ይገኛል። ዘር አይቆጠርበትም፤ የሚነሣ ምስክርም የለም።

የዓለም መንግሥታት ይህን በጽሑፍ ያስቀመጡት ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም. ፓሪስ ከተማ ላይ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለቀ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። ጽሑፉ 30 አንቀጾች አሉት። 48 አገሮች ደገፉት። የተቃወመ አልነበረም፤ 8 አገሮች ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። ከ48ቱ ደጋፊዎች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ጽሑፉ ሰው በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በቋንቋው፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልዱ እንዳይለይ ይከለክላል። 26ኛው አንቀጽ ደግሞ ስለ ትምህርት ነው። ትምህርት ለሰው ሁሉ ይገባል ብሎ ብቻ አይተውም። በተለያዩ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች መካከል መግባባትንና ወዳጅነትን የሚያሳድግ መሆን አለበት ይላል። የአገራችን ሕገ መንግሥትም በ1987 ዓ.ም. ሲጸና በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ብሏል።

ይህን ስናስረዳ አንዲት እናት ከተማሪዎቹ መካከል አቋረጡን። "ልጆቼ፣" አሉን፣ "ሕጉ እንዲህ ከሆነ ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን አልቀረም?"

ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ሕግ ከወጣ ቆይቷል እኮ። ከእናንተው አገር፣ ከደብረ ብርሃን አጠገብ ከአንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው ምክንያት መስደብ ክልክል ነው፤ የተሳደበም ይቀጣል አሉ። በሠራተኛ ላይ የሚወረወረውን ስድብ በስሙ እየጠሩ ነው የከለከሉት። ባርነትም በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቀርቷል። ከምኒልክ አዋጅ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። እኒያ ቀጥቃጭ ግን በእኛ ዘመን፣ እኛው ባለንበት ቤት፣ ከበሩ ሥር ተቀምጠው ነበር። "ጠይብ" የሚለው ቃል ራሱ ጠቢብ ከሚለው ጋር ይዛመዳል ይባላል። የጥበብ ስም ነበር፤ እኛ ስድብ አደረግነው። ከሰሜን ሸዋ ወጥተው አዲስ አበባ ቀጨኔ የሰፈሩ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች አሉ። ስድቡ እዚያም ተከትሏቸው ሄዷል።

አዋጅ በገበያ ቀን ተነግሮ ያልቃል። ልጅ ግን ትምህርት ቤት የሚውለው በየቀኑ ነው። ስለዚህ ነገሩ ዞሮ ዞሮ አስተማሪው ላይ ይወድቃል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። አስተማሪ ከሰማይ አይወርድም። እሱም የአንድ አገር ልጅ ነው። እናቱ ነግራዋለች፣ አያቱ አስፈራርተውታል። "ከእነ እገሌ ቤት እንዳትበላ" ተብሎ ነው ያደገው። ኮሌጅ ገብቶ ሲወጣ ሒሳብና ሳይንስ ይጨምራል። ያንን የልጅነቱን ነገር ግን ማንም አያወጣለትም።

አስተማሪ ካልተማረ ምን ያህል ጉዳት ሊያደርስ እንደሚችል ለማወቅ ሩዋንዳን እንይ። ሩዋንዳ በአፍሪካ መካከል ያለች ትንሽ አገር ናት። ሁቱና ቱትሲ የሚባሉ ሰዎች ይኖሩባታል። ቋንቋቸው አንድ ነው፤ መንደራቸውም የተቀላቀለ ነው። ያም ሆኖ በትምህርት ቤቶች አስተማሪው ስም ሲጠራ "ሁቱ የሆናችሁ ተነሡ፣ ቱትሲ የሆናችሁ ተነሡ" ይል ነበር። ልጆቹ ወገናቸውን አያውቁም ነበር። ማታ ቤታቸው ገብተው "እኛ ምንድን ነን?" ብለው የጠየቁ አሉ። በ1986 ዓ.ም. እልቂቱ ሲመጣ በ100 ቀን ያህል ውስጥ ከ8 መቶ ሺህ በላይ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ከገዳዮቹ መካከል አስተማሪዎች ነበሩ። ከተገደሉትም መካከል እንዲሁ። ከዚያ በኋላ አገሪቱ የታሪክን ትምህርት ለዓመታት ከትምህርት ቤት አቆመች። ማን ያስተምረው፣ እንዴትስ ያስተምረው? ለዚህ መልስ አልተገኘም ነበር።

ታዲያ አስተማሪውን እንዴት ማሠልጠን ይቻላል? በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለዚሁ ጉዳይ ሌላ መግለጫ አወጣ። የሰብአዊ መብት ትምህርት ሦስት ነገር ነው ይላል። ስለ መብት ማወቅ ነው። በመብት ማስተማር ነው። ለመብት ማዘጋጀት ነው።

የመጀመሪያው ቀላሉ ነው። አንቀጹን ማጥናት ይቻላል። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከሥራዎቹ አንዱ ይህንኑ ማስተማር ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የምስለ ፍርድ ቤት ውድድር ያዘጋጃል። ተማሪዎቹ እንደ ጠበቃ ሆነው በአንድ የመብት ጉዳይ ላይ ይከራከራሉ። አንድ ጊዜ ለአንዱ ወገን፣ ሌላ ጊዜ ለተቃራኒው ይቆማሉ። ትልቅ ነገር ነው። የሰው ፊት ቆሞ የሌላውን ወገን ነገር መናገር ለልጅ ቀርቶ ለሽማግሌም ከባድ ነው።

አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው፤ በመብት ማስተማር። አስተማሪው አርጩሜ ይዞ ስለ ሰው ክብር ቢያስተምር ልጁ የሚይዘው የትኛውን ነው? አርጩሜውን ነዋ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት አይገረፍም ብሏል። ብዙ ወላጅ ይህን አያውቅም። "ቆዳው ለአንተ፣ አጥንቱ ለእኔ" ብሎ ልጁን ለአስተማሪ የሚያስረክብም አለ።

በአንድ ሥልጠና ላይ እኛ ራሳችን ያለፍንበትን መልመጃ እንንገራችሁ። ለየሠልጣኙ ቁራጭ ወረቀት ተሰጠ። "በልጅነታችሁ ስለ ጎረቤት ሰዎች ቤት ውስጥ የሰማችሁትን ክፉ ነገር ጻፉ፤ ስማችሁን አትጻፉ" ተባልን። ስለ ቀጥቃጭ የጻፈ አለ። ስለ ሙስሊም፣ ስለ ክርስቲያን፣ ስለ አማራ፣ ስለ ኦሮሞ፣ ስለ ቆለኛ የጻፈ አለ። ወረቀቱ ተሰብስቦ ተደባለቀ። ከዚያ አንድ በአንድ ተነሥተን የሌላውን ወረቀት ጮክ ብለን አነበብን። አንዱ እጁ ላይ የደረሰው ስለ ራሱ ወገን የተጻፈው ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ዝም ብሎ ቆመ። ቤቱም ዝም አለ። ያ ዝምታ ከብዙ ሰዓት ንግግር ይልቅ አስተማረን።

ሌላው መልመጃ አስመስሎ መሥራት ነው። አንዱ አስተማሪ ይሆናል፣ አንዱ ወላጅ ይሆናል። ወላጁ ይመጣና "ልጄን ከቡዳ ልጅ ጋር አታስቀምጥብኝ" ይላል። አስተማሪው ምን ይመልስ? ቢስቅበት ወላጁ ተናዶ ልጁን ያስወጣል። ዝም ብሎ ቢታዘዘው የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ወደ ጥግ ትገፋለች፤ ከጥቂት ወር በኋላም ትምህርቷን ትታ ምጣድ ልትሸጥ ገበያ ትወጣለች። ይህች ልጅ ተረት አይደለችም፤ እንዲህ የቀሩ ልጆችን እኛም ዐይተናል።

ጥሩ አስተማሪ ከክርክር አይጀምርም። ከፍርሃቱ ይጀምራል። "ምን አይተው ነው አባቴ የፈሩት?" ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የታመመ ወይም የሞተ ልጅ ታሪክ ይወጣል። ልጁ አስቀመጠው፣ አስመለሰው፣ ዐይኑ ጎደጎደ፣ "ቡዳ በላው" ተባለ። ይህ ውሃ ወለድ በሽታ ነው። ልጁን የሚገድለው ከሰውነቱ የሚያልቀው ውሃ ነው። ቶሎ ሕይወት አድን ቅመም በተፈላ ውሃ በጥብጦ እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያድነዋል። በደጋ ላይ ብርድ ሲበረታ ሰው ልብሱን ሳያጥብ ይቆያል፤ ቅማል ይራባል፤ ተስቦና ግርሻ ይመጣል። ይህም የማንም ዐይን ሥራ አይደለም። ሐዘኑን አክብሮ የሚያስረዳ አስተማሪ ይሰማል። "አላዋቂ" ብሎ የሚሳደብ አይሰማም።

እስካሁን ያወራነው በአንድ መንደር ውስጥ ስላለው መለያየት ነው። ከደጋው ወደ ታች ስትወርዱ ደግሞ ሌላ አለ።

የመንዝና የግሼ ሰው ወደ ቆላ ገበያ ይወርዳል። እሑድ ሰንበቴ ላይ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ ይገናኛል። የመርሐቤቴ ሰው ከጀማ ማዶ ካለው ኦሮምኛ ተናጋሪ ጋር ይገበያያል። ገበያው አንድ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን የተለያየ ነው። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ልጆች በኦሮምኛ ይማራሉ፤ በሰሜን ሸዋ ዞን በአማርኛ ይማራሉ። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር መብት ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እንኳ በ15 ቋንቋዎች ያስተማረው ሰው በሚሰማው ቋንቋ ቶሎ ስለሚገባው ነው። ነገር ግን ልጆቹ አንድ ክፍል ካልተቀመጡ፣ አስተማሪዎቻቸውም ተያይተው ካላወቁ፣ የሚተዋወቁት በወሬ ብቻ ይሆናል። ወሬ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ዐይታችኋል። በ2011 ዓ.ም. ግጭት ተነሣ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. እንደገና ተነሣና አጣዬ ከተማ በእሳት ወደመች። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሸሸ።

ከእንዲህ ያለ ነገር በኋላ አስተማሪዎችን ለየብቻ ማሠልጠን፣ በእኛ አስተያየት፣ ግማሽ ሥራ ነው። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ከሠለጠነ እያንዳንዱ የራሱን በደል ብቻ ተምሮ ይመለሳል። ከሁለቱም ወገን የመጡ አስተማሪዎች አንድ ቤት ሊያድሩ፣ አንድ ማዕድ ሊቀርቡ ይገባል። እያንዳንዱ የደረሰበትን ይናገር፤ ሌላው ሳያቋርጥ ይስማ። አሠልጣኙ የማን ሬሳ ይበዛል ብሎ አይቆጥርም፤ ቆጠራው ከተጀመረ ሥልጠናው አበቃ። አማርኛ የሚያስተምረው በኦሮምኛ ሰላምታ መስጠት ይወቅ፤ ኦሮምኛ የሚያስተምረውም እንዲሁ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሰላምታውን የማያውቅ ሰው ልጆቹን ምን ሊያስተምር ይችላል?

እንዲህ ያለ ነገር በሌላ አገር ተሞክሯል። በሰሜን አየርላንድ ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ወደ 30 ዓመት ያህል ተጋደሉ። ከ3 ሺህ 500 በላይ ሰው ሞተ። ልጆቻቸው የሚማሩት ለየብቻ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ጥቂት ወላጆች ተሰባስበው የሁለቱ ልጆች አብረው የሚማሩበት ላገን የሚባል ትምህርት ቤት ከፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች 28 ብቻ ነበሩ። አስተማሪዎቹም ከሁለቱም ወገን ናቸው። ጦርነቱ ገና አልቆመም ነበር፤ የሰላም ስምምነት የተፈረመው ከ17 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬም ቢሆን በዚያ አገር አብዛኛው ልጅ ለየብቻ ነው የሚማረው። እንዲህ ያለ ሥራ ዝግ ይላል። መልካሙ ነገር መንግሥት እስኪያዝ አለመጠበቃቸው ነው፤ የጀመሩት ወላጆች ናቸው።

እዚህ አገር ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በተነሣው ውጊያ በአማራ ክልል ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። በተዘጋ ትምህርት ቤት ስለ አስተማሪ ሥልጠና ማውራት ምን ይረባል የሚል ይኖራል። እኛ ግን እንዲያውም ጊዜው አሁን ነው እንላለን። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ልጆቹ የሚመጡት ጥይት ሰምተው፣ ሬሳ አይተው ነው። አስተማሪውም ያንኑ ዐይቷል።

እናንተስ? አሁን ማንበብ ችላችኋል። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ገብታችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የት ነው የምትቀመጠው? ከክፍል ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ? አስተማሪው ልጆቹን በስማቸው ይጠራል ወይስ በቅጽል? ለዚህ ሥልጠና አግኝቷል ወይ? አስተማሪው አይቀየማችሁም። ቢቀየምም ይለፈው።

ወደ እኛ ቤት እንመለስ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ነገር አሰብን። መንዝ ላይ መሬት ሲደለደል፣ ሥጋ ሲመደብ፣ ሰው የሚያምነው ዕጣን ነው። በዕጣ የደረሰውን ማንም አይቃወምም። ስለዚህ መቀመጫውን በየሳምንቱ በዕጣ እናድርገው አልን። እንጨት ሰበርን፣ ምልክት አደረግንበት። ንግግር አላደረግንም። "ብርዱን ሁሉም ይካፈለው" አልን እንጂ። በመጀመሪያው ዕጣ ቀጥቃጩ ከእሳቱ አጠገብ ደረሳቸው። ሁለት ሰዎች በዚያ ማታ ወጥተው ሄዱ። ለሁለት ማታ ቀሩ፤ በሦስተኛው ተመለሱ። ከቀጥቃጩ ጎን የደረሳቸው ሽማግሌ መጀመሪያ ፊታቸውን አዙረው ነበር። ኋላ "ጰ" የምትባለዋን ፊደል ከ"ጸ" መለየት አቃታቸው። ቀጥቃጩ በጣታቸው መሬቱ ላይ ጻፉላቸው። ሽማግሌውም ጎንበስ ብለው ዐዩ።

በሁለተኛው ሳምንት እኛም ዕጣ ውስጥ ገባን። ከበሩ ሥር የደረሰን እኛ ነን። ንፋሱ እውነትም ፊት ይገርፋል።